ነጣ ያለው ይነሣል

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት፣ ጎፋ ካለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመኖሪያነት ወደ ስቱዲዮነት በተቀየረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የስቱዲዮው ባለቤት ወይዘሮ ፀዳለ፣ ምስል የሚያቀናብረው በድሉ፣ እና ለካርቱን ፊልሞች ድምፅ የሚያለብሰው ውብሸት። ውጭ ይዘንብ ነበር። መስኮቶቹ ድምፅ እንዳያስገቡ በስፖንጅና በወፍራም መጋረጃ ስለተደፈኑ የቀኑ ብርሃን ወደ ክፍሉ አይገባም፤ ዝናቡም የሚሰማው ከግድግዳ ወዲያ እንዳሉ ሰዎች ሹክሹክታ ብቻ ነበር።

ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ ሥራ ይዘዋል። አንድ የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ከብዙ ዘመን በፊት በባሕር ማዶ የተሠሩ አጫጭር የሙዚቃ ካርቱኖችን በአማርኛ እንዲያዘጋጁለት አዟል። ውብሸት እነዚህን ካርቱኖች ይወዳቸዋል። በውስጣቸው ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር የለም፤ ወንበሩ ምቱን ጠብቆ ያነክሳል፣ ጭሱ ከጭስ ማውጫው እየተጠማዘዘ ወጥቶ ትከሻውን ይነቀንቃል፣ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ እንኳን ዜማ አለው። ብቻውን ለሚኖር ሰው፣ ጠዋት ያስቀመጠውን ብርጭቆ ማታ እዚያው ቦታ ላይ ለሚያገኝ ሰው፣ ዕቃው ሁሉ ተነሥቶ የሚዘፍንበት ቤት ማየት ደስ ይላል።

በድሉ ግን አይወዳቸውም።

«ታሪክ የላቸውማ! ድስት ይነሣል፣ ድስት ይጨፍራል፣ ድስት ይተኛል። በቃ።»

«አንተ ደግሞ ከድስት ምን ታሪክ ትጠብቃለህ?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። «ይልቅ ክፈተው።»

የዚያን ቀኑ ፊልም የአንድ ዳቦ ቤት ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ይተኛል፤ እሱ ማንኮራፋት ሲጀምር የዱቄት ከረጢቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይወዛወዛሉ፣ ሊጡ ከገንዳው አብጦ ይወጣል፣ ዳቦዎቹ ዐይን አውጥተው በሰልፍ ይቆማሉ። ከሁሉም ጀርባ አንድ ትልቅ ምድጃ አለ። የብረት በሩ አፉ ነው፤ በከፈተው ቁጥር ጉሮሮው ቀይ ሆኖ ይታያል፤ በወፍራም ድምፅ እየጠራ ያዘፍናቸዋል።

«ያቺን መጥበሻ እይዋት» አለ ውብሸት በዝግታ። «ነጣ ያለችውን። አሁን ትነሣለች።»

መጥበሻዋ ከግድግዳው ወርዳ መዝለል ጀመረች።

«ጠንቋይ!» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ እየሳቁ።

«ጥንቆላ አይደለም፣ እትዬ» አለ በድሉ። «የአሠራሩ ጉድለት ነው። የማይንቀሳቀሰውን ነገር አንዴ በብሩሽ ቀብተው ይተዉታል። የሚንቀሳቀሰውን ግን በሚያሳይ ላስቲክ ላይ ለብቻው ይሥሉታል። ቀለሙ አይገጥምላቸውም። ስለዚህ ሊነሣ ያለ ነገር ሁሌም ከጎረቤቱ ነጣ ይላል፤ ዙሪያውንም ጥቁር መስመር አለው። እሱ እኮ ያወቀው በልጅነቱ ነው።»

እውነቱን ነበር። ውብሸት ልጅ ሳለ ቤታቸው ቴሌቪዥን ስላልነበረ ጎረቤት ሄዶ በር ሥር ቁጭ ብሎ ያይ ነበር፤ የማይናገር ልጅ ስለነበረ ማንም ልብ አይለውም። የትኛው ዕቃ እንደሚነሣ ቀድሞ መናገር ሲጀምር ግን ልጆቹ ዞር ብለው አዩት። የመጀመሪያ ጓደኞቹን ያገኘው በዚህ ነው።

ፊልሙ መሐል ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ አንድ የጋጋሪው ረዳት ብቅ አለ። ጥቁር ነው፤ ከንፈሩን ፊቱን እስኪያክል አድርገው ሥለውታል፤ ዐይኖቹ ነጭ ሳሕን ያክላሉ፤ ሲራመድ ጉልበቱ መሬት ይነካል። ምድጃው ይጠራዋል፣ እሱ ይመልሳል፣ ምድጃው ይውጠዋል፣ ከዚያ ዱቄት ለብሶ ነጭ ሆኖ ሲተፋው ዳቦዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ከዚያ እንደገና ይጠራዋል።

ክፍሉ ውስጥ የሚስቅ አልነበረም።

«ይሄን እኔ ለልጆች አላሳይም» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። «አውጡልኝ።»

«ሙዚቃው እሱ ላይ ነው የቆመው፣ እትዬ። ቆርጬ ባወጣው ዜማው ይሰበራል።»

«ዜማውን አትንካ። እሱን ብቻ አጥፋው። ግድግዳ ቅባበት!»

ውብሸት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ይህን ረዳት ያውቀዋል። ያኔ ጎረቤት ቤት በር ሥር ተቀምጦ አይቶታል፤ ልጆቹ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ደግሞ የእሱን ጥቁር ፊትና ወፍራም ከንፈር እያዩ «ውብሸት ቲቪ ውስጥ ገባ! ውብሸት ቲቪ ውስጥ ገባ!» ብለው በሳቅ ተንከባለሉ። እሱም እንዳያስወጡት ብሎ አብሯቸው ሳቀ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ የሳቀው እሱ ነበር።

በድሉ ረዳቱን አጥፍቶ፣ ከግድግዳው ላይ ቀለም ቀድቶ በቦታው ለጠፈበት። ከዚያ ሚስቱ ልትወልድ ስለሆነ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ። ወይዘሮ ፀዳለም በሌላ ሥራ ተያዙ። የስቱዲዮው ቁልፍ ውብሸት ጋ ቀረ።

ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ረጅም ነበር። በእነዚህ አሮጌ ፊልሞች ውስጥ ድምፅና ሙዚቃ አብረው ስለተቀረጹ፣ የባዕዱን ድምፅ ስታጠፋ ከሥሩ ያለው ዜማም ይጠፋል፤ የጠፋውን ሁሉ በራስህ ጉሮሮ መልሰህ መሙላት ነው። ለብዙ ዘፋኝ ደግሞ የሚከፈል ነገር ስለሌለ ውብሸት ሁሉንም ይሆናል። ድምፁን አቅጥኖ ትንሿን ዳቦ ይዘፍናል፣ አፍንጫውን ይዞ ከረጢቱን ይዘፍናል፣ ደረቱን ነፍቶ ምድጃውን ይሆናል፤ ከዚያ ሁሉንም አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባቸዋል። ማዳመጫውን ሲያደርግ ጆሮው ውስጥ ብዙ ሕዝብ ይዘፍናል። ማዳመጫውን ሲያወልቅ ማንም የለም።

ለምድጃው ግጥሙን የጻፈለት ራሱ ነው፤ «ዳቦው ደረሰ፣ ልጄ፣ የት ነህ?» ይላል። ዳቦዎቹ «የት ነህ? የት ነህ?» እያሉ ይቀበሉታል።

እህቱ ሰናይት ከሐዋሳ ትደውልለታለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ንግግሩም አንድ ነው።

«ውቤ፣ ክፍሉን ቀለም አስቀባሁልህ እኮ። አልጋም ገብቷል።»

«እሺ እትዬ፣ ይቺን ልጨርስና...»

«ያቺን ልጨርስና፣ ይቺን ልጨርስና! ልጆቹ አጎት የሚባለው ነገር ስልክ ውስጥ ነው እንዴ የሚኖረው ብለውኛል። ሰምተኸኛል? ካልመጣህ እኔ መጥቼ በጆሮህ ጎትቼ ነው የምወስድህ።»

ሊሄድ ቆርጧል። የኪራይ ቤቱን ለቋል፤ ልብሱን በአንድ ሻንጣ ከትቶ ስቱዲዮው ውስጥ ከወንበሩ ጎን አስቀምጧል፤ እናቱ የሠራችለትን አረንጓዴ ሹራብ ለመንገድ ብሎ ለብሶታል። ይህን ፊልም ጨርሶ ካስረከበ ነገ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ከነገ በኋላ ብቻውን እራት አይበላም። ይህን ሲያስብ ይፈራል፣ ደስም ይለዋል።

የቀረው አንድ ቦታ ነበር። ረዳቱ ከጠፋበት ግድግዳ ፊት፣ ምድጃው ጠርቶ ሲያበቃ ሙዚቃው ባዶ ይሆናል። ዳቦዎቹ፣ ከረጢቶቹ፣ መጥበሻዋ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይጠብቃሉ። ያኔ ረዳቱ ስለነበረ ነው የዞሩት፤ አሁን ግን ማንም በሌለበት ግድግዳ ላይ ዐይናቸውን ተክለው፣ እየተነፈሱ፣ በምቱ ትንሽ ትንሽ እየተወዛወዙ ነው የሚቆሙት። ከዚያ የሚያስቅ ምንም ነገር ሳይኖር ይስቃሉ።

ውብሸት ደጋግሞ አየው። በድሉ የለጠፈው ቀለም በደንብ አልገጠመም። ግድግዳው ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ቦታ ከዙሪያው ነጣ ብሏል።

ለወይዘሮ ፀዳለ ደወለ። «በአንድ ነገር ሙላበት እንጂ!» አሉት። «አንድ ቃል በል። ልጆች ጥሪ ሰምተው መልስ ካላገኙ አይወዱም።»

ለዚያ ምት የሚገጥም ቃል ብዙ የለም። አጭር፣ ከፍ ብሎ የሚጀምር፣ አፍ ከፍቶ የሚያልቅ መሆን አለበት። አንዱን ሞከረ፤ ረዘመ። ሌላውን ሞከረ፤ ቀደመ። የሚገጥመውን ቃል ከመጀመሪያው ያውቀው ነበር፤ ግን እናቱ በልጅነቱ የምትለው ትዝ እያለው ተወው። «ፊቱን ሳታይ ለጠራህ አቤት አትበል። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጣራል። ያኛው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው መጥራት የሚችለው።» እዚህ ያሉት ግን ሥዕሎች ብቻ ናቸው፤ የሚጠራውም የራሱ ድምፅ ነው። ማይኩን ከፍቶ «አቤት!» አለ።

ልክ ገጠመ። ከዚህ በፊት የሠራው አንድም ነገር እንደዚያ ገጥሞ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ የዳቦ ሽታ መጣ። ከታች ባለ ቤት የሚጋግሩ መሰለው። መጀመሪያ ደስ የሚል፣ ሞቅ ያለ፣ ቅርፊቱ ሊሰበር የደረሰ ዳቦ ሽታ ነበር፤ ከዚያ ከሥሩ የሚያር ነገር ገባበት፣ ዱቄት እሳት ላይ ሲበተን የሚሸተው ዓይነት፤ ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ይመስል ወዴትም አልሄደም። ውብሸት ሊነሣ ሲል ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ዐይኑን ያዘው። ከጠረጴዛው ይልቅ ነጣ ብሏል። የመብራቱ ነው ብሎ ዐይኑን ጠረገ። ብርጭቆው ተንሸራተተ፣ ጠርዙ ላይ ደረሰ፣ ወደቀ።

የሕንጻው መንቀጥቀጥ ይሆናል፤ ታች መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ያልፋል። ስብርባሪውን ጠርጎ ተቀመጠ። ዛሬ ይጨርሳል፣ ነገ ይሄዳል፤ አሁን ጥሎ ቢወጣ ይሄ ፊልም ሌላ ሳምንት ያቆየዋል፤ ሰናይት ደግሞ ከዚህ በኋላ አታምነውም።

ማዳመጫውን አድርጎ ከመጀመሪያው አጫወተው። ዳቦዎቹ ዘፈኑ፣ ምድጃው አፉን ከፈተ፤ በውብሸት ድምፅ፣ ደረቱን በነፋበት በዚያ ወፍራም ድምፅ፣ «ዳቦው ደረሰ፣ ውቤ፣ የት ነህ?» አለ።

አቆመው። «ልጄ» ነበር የቀረጸው። ውቤ ብላ የምትጠራው እናቱ ነበረች፤ አሁን የቀረችው ሰናይት ብቻ ናት። ወደ ኋላ መልሶ ሰማው፤ «ልጄ» ይላል። እንደገና ሰማው፤ «ልጄ» ይላል።

ድካም ነው አለ። ድምፆቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረ፤ ጥፋቱ የት እንዳለ የሚታወቀው እንደዚያ ነው። ትንሿን ዳቦ አጠፋ፤ መዝሙሩ ሳሳ። ከረጢቱን አጠፋ። ምድጃውን አጠፋ። የመጨረሻውን፣ «አቤት» ያለበትን አጠፋ። ስክሪኑ ላይ አንድም የድምፅ መስመር አልቀረም፤ ፊልሙ ግን ይሄዳል፤ ማዳመጫው ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ከወፍራም ግድግዳ ወዲያ እንደሚጨፍሩ ሰዎች፣ «የት ነህ? የት ነህ?» የሚል መዝሙር ይሰማል። የብዙ ሰው ነው። እሱ ያልዘፈናቸው ድምፆች ናቸው።

ማዳመጫውን አውልቆ ወረወረው። ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ይሁን ከኮሪደሩ፣ አንድ ድምፅ ለስለስ ብሎ «ውቤ» አለ።

አልመለሰም። አፉን በእጁ ያዘ።

ሻንጣውን አንሥቶ መውጣት ነበረበት። ከወንበሩ ግን አልተነሣም። ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገርም ነበረ፤ ለማንም የማይናገረው። ስክሪኑ ላይ ያሉት ሁሉ አሁንም ቆመው ይጠብቃሉ፤ ዳቦዎቹ በትልልቅ ዐይናቸው፣ መጥበሻዋ አንገቷን አዘንብላ፤ እዚያች ነጣ ባለች ግድግዳ ፊት ለአንድ ሰው ቦታ ተትቷል። ውብሸት በሕይወቱ በገባበት ቤት ሁሉ፣ ለእሱ ሲባል የተጠጋጋ ሰው እንጂ ባዶ ቦታ ይዞ የጠበቀው ሰው አላጋጠመውም። ሐዋሳ ያለውን አልጋ አሰበ። ቀለም የተቀባውን ክፍል አሰበ። ያም እውነት ነው፤ ያም ይጠብቀዋል፤ ነገ ይደርስበታል። ዐይኑን በግድ ከስክሪኑ ነቅሎ ወደ በሩ ዞረ።

የበሩ እጀታ ነጣ ብሎ ነበር። ዙሪያውን ጥቁር መስመር አለው።

እጀታው ተንቀሳቀሰ። በሩ ተንኳኳ፤ ቀስ ብሎ፣ ምቱን ጠብቆ። ከውጭ የሴት ድምፅ፣ ከመንገድ የደከመ፣ ትንሽ የተቆጣ፣ ሳቅ ያለበት ድምፅ ጠራው።

«ውቤ! በጆሮህ ልጎትትህ መጣሁ አልኩህ እኮ! የት ነህ?»

ሦስተኛ ጥሪ ነው። ሰው ነው። እህቱ ናት። እንባው መጣ፤ ሻንጣውን አንሥቶ፣ በሙሉ ድምፁ፣ «አቤት!» አለ።

ማንኳኳቱ ቆመ። ያኔ ገባው፤ ከሦስቱ የመጀመሪያው ጥሪ የገዛ ድምፁ ነበር፤ ያኛው የጠራው ሁለቴ ብቻ ነው።

በሩን ሊከፍት እጁን ዘረጋ፤ እጀታው ግን በግድግዳው ላይ የተቀባ ቀለም ነበር፤ ጣቶቹ ተንሸራተቱበት። ዞሮ አየ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ መጋረጃው፣ ሁሉም ደብዝዘው፣ አንዴ በብሩሽ ተቀብተው የተተዉ ይመስል ከግድግዳው ጋር አንድ ሆነዋል። ከመካከላቸው አንድም ነጣ ያለ ነገር የለም። በልጅነቱ እንደሚያደርገው፣ ቀጥሎ የሚነሣው የትኛው ይሆን ብሎ ጥግ ጥጉን ፈለገ። ሽታው በረታ፤ ጀርባው ሞቀ፤ ከኋላው የብረት በር ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ የገዛ እጁን አየ። እጁ ነጣ ብሏል፤ ጥላ የለውም፤ ጠርዙን ቀጭን ጥቁር መስመር ይዞረዋል።

በማግሥቱ ሰናይት ደውላ ስልኩ ስላልተነሣ፣ በዚያው ሳምንት ከሐዋሳ መጣች። ከዚያ በፊት አልመጣችም ነበር። ወይዘሮ ፀዳለና ከደብረ ብርሃን የተመለሰው በድሉ አብረዋት ስቱዲዮው ገቡ። ሻንጣው ከበሩ ሥር ነበር፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ፖሊስ መጣ፣ ጠየቀ፣ ሄደ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የዳቦ ቤቱን ፊልም ተጠናቆ አገኙት።

«ሰውየውን አጥፋው አላልኩህም ነበር?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ።

«አጥፍቼዋለሁ፣ እትዬ። ይሄ ሌላ ነው።»

ሌላ ነበር። ከንፈሩ የሰው ከንፈር ነው፤ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል። ሲጠራ ተሽቀዳድሞ «አቤት!» ይላል፤ ምድጃው ይውጠዋል፤ ነጭ ሆኖ ሲተፋው አብሯቸው ይስቃል፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ የሚስቀው እሱ ነው። በድሉ ማን እንደሣለው ሲጠየቅ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ አጫወተው። ሰናይት ግን ሹራቡን ረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ ድምፁ ያለበትን ፊልም ለማስታወሻ እንዲሰጧት ለመነቻቸው፤ በፍላሽ ገልብጠው ሰጧት።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጆቿ ቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ተመለከቱት። ትንሹ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ፣ ማንም ሳይነግረው፣ «ያ ነጣ ያለው! አሁን እሱ ይነሣል!» አለ። ተነሣ። ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ፤ «እማዬ፣ ድገሚልን» አሉ።

ሰናይት ደገመችላቸው።